«ወደ ኤስቲኤል ቀይረው» የሚለው ምክር ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የተሰጠው መልስ እርማት ያስፈልገዋል። ተማሪው የጣና ሐይቅን የውሃ እንቅስቃሴ ለማስላት ጂሜሽ በሚባለው የሜሽ መሥሪያ ፕሮግራም ያዘጋጀውን ሜሽ ፓራቪው በሚባለው የስሌት ውጤት ማሳያ ፕሮግራም ለማየት ወደ ምን ዓይነት ፎርማት መቀየር እንዳለበት ነበር የጠየቀው። ዓምደኛው «ወደ ኤስቲኤል ቀይረው፤ እሱን የማይከፍት ፕሮግራም የለም» ብለው አለፉት። ኤስቲኤልን የማይከፍት ፕሮግራም ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። የሚከፈተው ነገር ግን ተማሪው የሠራው ሜሽ አይደለም። ምክሩን የሚከተለው ብዙ ነው፤ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጎ መጻፍ ግድ ሆነ።

ሜሽ አንድን አካል፣ ሐይቅም ይሁን ድልድይ፣ በትንንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ለስሌት የሚያመቻች መረብ ነው። በውስጡ ኖድ የምንላቸው ነጥቦች ከነኮኦርዲኔታቸው አሉ። የትኞቹ ኖዶች ተያይዘው አንድ ኤለመንት እንደሚሠሩ የሚናገር ዝርዝር አለ፤ የእያንዳንዱ ኤለመንት ዓይነትም ተመዝግቧል። በኖድ ወይም በኤለመንት ላይ የተቀመጡ ውጤቶች ይኖራሉ። በመጨረሻም «ይህ የወንዝ መግቢያ ነው፣ ያ የሐይቁ ወለል ነው» የሚሉ መለያዎች አሉ፤ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም፣ ማለትም ሶልቨሩ፣ የቱ ጋ ምን ዓይነት የወሰን ሁኔታ እንደሚያደርግ የሚያውቀው በእነሱ ነው። አንድ ፎርማት ከነዚህ ውስጥ ለአንዱ ቦታ ከሌለው፣ ለዋጩ ፕሮግራም ያንን ይጥለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይናገር ነው የሚጥለው።

ኤስቲኤል እ.ኤ.አ. በ1987 ለስሪዲ ሲስተምስ ኩባንያ የስቴሪዮሊቶግራፊ ማሽን፣ ማለትም ለመጀመሪያዎቹ የስሪዲ ማተሚያዎች፣ የወጣ ፎርማት ነው። ማተሚያው የሚፈልገው የዕቃውን ውጫዊ ገጽ ብቻ ስለነበር ፎርማቱም ከሦስት ማዕዘን ሌላ አያውቅም። በባይነሪ፣ ማለትም በጽሑፍ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ጥሬ ባይቶች፣ ሲጻፍ መጀመሪያ 80 ባይት መግቢያ ይመጣል፤ ከዚያ የሦስት ማዕዘኖቹ ብዛት በ4 ባይት፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 50 ባይት። ከ50ው ውስጥ 12ቱ ገጹ ወደየት እንደሚያይ ለሚያሳየው ቀስት፣ 36ቱ ለሦስቱ ጫፎች ኮኦርዲኔት፣ 2ቱ ለትርፍ ነገር ናቸው። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው። ቴትራሄድሮን (አራት ጫፍ ያለው ጠጣር ኤለመንት) የለም፣ የውሃ ፍጥነት የለም፣ የወንዝ መግቢያ የለም፤ ቁጥሩ ሜትር ይሁን ሚሊሜትር የሚመዘገብበት ቦታ እንኳ የለም።

የሚጠፋው የውስጡ ብቻ ቢሆን ውጫዊው ገጽ ደህና ነው ባልን ነበር። ግን የገጹም ትስስር ይበተናል። ቀዳዳ የሌለው አንድ የተዘጋ ገጽ 10,000 ኖዶች ቢኖሩት፣ ሦስት ማዕዘኖቹ በትክክል 19,996 ይሆናሉ። ኤስቲኤል ኖድን በተራ ቁጥር ስለማይጠራ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሦስቱን ጫፎቹን ደግሞ ደጋግሞ ይጽፋል፤ ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ 59,988 ነጥብ ይገኛል፣ የፋይሉም መጠን 999,884 ባይት ይሆናል። አንዱ ነጥብ በአማካይ ስድስት ጊዜ ተጽፏል ማለት ነው። ጎረቤታም ሦስት ማዕዘኖች ጎረቤት መሆናቸውን የሚናገር ምንም ነገር አልቀረም። መልሶ ለማያያዝ «እርስ በርስ ከዚህ ርቀት በታች ያሉትን ነጥቦች አንድ አድርግ» የሚል ቶለራንስ መስጠት የግድ ይሆናል።

ጣና ላይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሐይቁ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ወርድ ሲኖረው ትልቁ ጥልቀቱ ግን ወደ 15 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ቶለራንስን የሚለኩት ሜሹን ከጥግ እስከ ጥግ በሚያቋርጠው ርዝመት አንጻር ነው፤ እሱም እዚህ 107 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። የዚህ መቶ ሺህኛው ከ1 ሜትር በላይ ነው። በሌላ ሥራ «በጣም ትንሽ» የሚባለው ይህ ቁጥር፣ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር በታች በሆነበት የሐይቁ ዳርቻ ሁሉ የውሃውን ገጽና ወለሉን ያጣብቃቸዋል። ዳርቻው ይጠፋል ወይም ይቆራረጣል። ስዕሉን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ደግሞ ምንም አይታየው።

ለተማሪው ሊነገረው የሚገባ መንገድ እንዲህ ነው። ዋናውን የጂሜሽ ፋይል ሳይነካ ያስቀምጥ፤ ለማየት ወደ ቪቲዩ ይቀይር። ቪቲዩ ፓራቪው ከተሠራበት ከቪቲኬ ላይብረሪ ጋር የመጣ፣ ሁሉንም ዓይነት ኤለመንት፣ የኖድና የኤለመንት ውጤቶችን፣ ባለ 64 ቢት ቁጥሮችን የሚይዝ ፎርማት ነው። ለመለወጥ የፓይተን ላይብረሪ የሆነው ሜሽአይኦ ይበቃል፤ ከጫኑት በኋላ በትዕዛዝ መስኮት ላይ «ሜሽአይኦ ኮንቨርት» ብሎ የመነሻውንና የመድረሻውን ፋይል ስም በተራ መጻፍ ነው። ከዚያ በፊት ግን «ሜሽአይኦ ኢንፎ» የሚለውን በመነሻው ፋይል ላይ ማስኬድና የሚወጣውን፣ ስንት ኖድ፣ ከየዓይነቱ ስንት ኤለመንት እንዳለ፣ ወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ይህን የሚዘል ሰው በኋላ የሚያመሳክርበት ነገር የለውም።

ጂሜሽ ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። በሜሹ ላይ አንድም ፊዚካል ግሩፕ፣ ማለትም በስም የተለየ የኤለመንቶች ስብስብ፣ ካልተሰየመ ጂሜሽ ሁሉንም ኤለመንት ያስቀምጣል። አንድ እንኳ ከተሰየመ ግን በግሩፕ ውስጥ ያሉትን ብቻ አስቀምጦ ሌላውን ይተዋል። ተማሪው የወንዝ መግቢያዎቹን ሰይሞ የውሃውን አካል መሰየም ከረሳ፣ የሚወጣው ፋይል ጥቂት ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ይይዛል፤ ቴትራሄድሮን አይኖረውም። «ሴቭ ኦል» የሚለውን ምርጫ ማብራት ችግሩን ያልፈዋል፤ ግን ያ ሲደረግ በአሮጌው የጂሜሽ 2.2 ፎርማት የግሩፕ መለያዎቹ ይጠፋሉና ጥሩው መፍትሔ የውሃውን አካልም በስም መሰየም ነው። በዚሁ በ2.2 አንድ ኤለመንት ሁለት ግሩፕ ውስጥ ከገባ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በስዕል ላይ አንዱ ሌላው ላይ ስለሚደረብ አይታይም፣ ይዘቱ (ቮልዩሙ) ሲሰላ ግን ያ ክፍል እጥፍ ሆኖ ይመጣል። የግሩፑ ቁጥር ወደ ቪቲዩ እንደ ኤለመንት ውጤት ተሸጋግሮ ቀለም ለመቀባት ያገለግላል። ስሙ ግን አብሮ ላይሄድ ይችላልና «1 የግልገል አባይ መግቢያ፣ 2 ወለል» እያሉ ከፋይሉ ጎን በአንድ የጽሑፍ ፋይል መያዝ ነው።

አንዳንዱ ለዋጩን በራሱ እጅ መጻፍ ይመርጣል፤ አይከለከልም፣ እንዲያውም ሥራውን ለመረዳት ጥሩ ነው። ግን ለየኤለመንቱ ዓይነት የተሰጡትን ቁጥሮች ከሁለቱም ወገን ሰነድ ማየት ያስፈልጋል። ጂሜሽ ቴትራሄድሮንን 4 ይለዋል፤ ቪቲኬ 10። ፕሪዝም በጂሜሽ 6 ነው፤ በቪቲኬ 13። በጂሜሽ 5 ማለት ሄክሳሄድሮን ሲሆን በቪቲኬ 5 ሦስት ማዕዘን ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ያሻገረ ፕሮግራም ስምንት ኖድ ላለው ኤለመንት የሦስት ማዕዘን መለያ ሰጥቶት ያልፋል። ቪቲኬ ውስጥም 8 እና 9 ሁለቱም ባለ አራት ጎን ናቸው፦ 9 ጫፎቹን ዙሪያውን እየሄደ ይቆጥራል፣ 8 ደግሞ የታችኛውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ የላይኛውንም እንዲሁ ከግራ ወደ ቀኝ። ሲምታቱ አራት ማዕዘኑ መሐሉ ላይ ተጣምሞ የቢራቢሮ ክንፍ ይመስላል። ይህስ ቢያንስ በዓይን ይታያል።

በዓይን የማይታየው የተራ ቁጥሩ ጉዳይ ነው። ጂሜሽ ኖዶቹን ከ1 ጀምሮ ይቆጥራል፤ ቪቲኬ ከ0። ስለዚህ ብዙው ሰው «1 ብቀንስ ይበቃል» ይላል። አይበቃም። በጂሜሽ ፋይል ውስጥ የኖዶች ቁጥር መሐል መሐሉ ሊዘለል ይችላል፤ 4,512 ቀጥሎ 4,520 ቢመጣ ደንቡ አልተጣሰም። 1 ብቻ የቀነሰ ለዋጭ ከዝላዩ በኋላ ያሉትን ኤለመንቶች ሁሉ የተሳሳተ ነጥብ ላይ ያስራቸዋል፤ ውጤቱም ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ረጃጅም ሹል ኤለመንቶች ናቸው። ትክክለኛው አሠራር ኖዶቹ ሲነበቡ «የጂሜሽ ቁጥር ይህ፣ በድርድሩ ውስጥ ያለው ቦታ ያ» የሚል መዝገብ ሠርቶ እያንዳንዱን ኤለመንት በሱ በኩል ማሳለፍ ነው። በፓይተን ይህ ሁለት ሦስት መስመር ነው።

ባለ ሁለተኛ ደረጃ ኤለመንት ለሚጠቀም ደግሞ የኖዶች ቅደም ተከተል ይመጣል። ባለ 10 ኖዱ ቴትራሄድሮን አራት ጫፎችና ስድስት የጠርዝ አጋማሾች አሉት። ከ0 ጀምረን ስንቆጥር እስከ ተራ 7 ድረስ ሁለቱ ፎርማቶች ይስማማሉ። በተራ 8 ቪቲኬ በጫፍ 1 እና በጫፍ 3 መካከል ያለውን አጋማሽ ያስቀምጣል፣ በተራ 9 ደግሞ በ2 እና በ3 መካከል ያለውን። ጂሜሽ እነዚህን ሁለቱን ገልብጦ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሜሽአይኦ ይህን ያውቃል፤ በእጅ የተጻፈ ለዋጭ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ፓራቪው ጠርዞቹን በጥቂት ቀጥታ መስመር ስለሚስል ስህተቱ ከሩቅ አይታይም፤ በኤለመንቱ ውስጥ የሚሰላው ፍጥነትና ይዘት ግን ይዛባል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የተራ 8ን ኮኦርዲኔት ከጫፍ 1 እና ከጫፍ 3 አማካይ ጋር ማነጻጸር። ጠርዙ ቀጥ ያለ ከሆነ እኩል መሆን አለባቸው፤ ጠማማ ከሆነም ልዩነቱ ከጠርዙ ርዝመት አንጻር ጥቂት ነው። ልዩነቱ የጠርዙን ግማሽ ካከለ ሁለቱ ተገለባብጠዋል።

አሁን የእኛን አገር ሥራ ለይቶ ወደሚመለከተው ልምጣ። የቅየሳ መረጃችን በዩቲኤም፣ ማለትም በሜትር በሚለካ የካርታ ኮኦርዲኔት፣ ይመጣል፣ ቁጥሮቹም ትልልቅ ናቸው፦ ጣና አካባቢ የሰሜን ቁጥሩ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት) ከ1,280,000 ሜትር በላይ ነው። ኤስቲኤል ባይነሪ ኮኦርዲኔቱን ሁሉ በ32 ቢት ብቻ ነው የሚጽፈው፤ 32 ቢት ደግሞ ከ1,048,576 በላይ ላሉ ቁጥሮች በሁለት ተከታታይ እሴቶች መካከል 12.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለው። በዚያ መሐል ያለ ነጥብ ወደ አንዱ ጎን ይጠጋጋል። አዲስ አበባ ከዚያ ወሰን በታች ስለምትውል ክፍተቱ 6.25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ወደ ሰሜንም ያለው ሁሉ ከወሰኑ በላይ ነው። ትልቅ ሐይቅ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ምንም ላይመስል ይችላል። በድልድይ ምሰሶ ዙሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ኤለመንት ለሠራ ሰው ግን የኤለመንቱ ሩብ ነው፤ ምሰሶው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል፣ ቀጫጭኖቹ ሦስት ማዕዘኖችም ስፋታቸው ዜሮ ይሆናል ወይም ይገለበጣሉ።

በጽሑፍ ሲቀመጥ ደግሞ የባሰ አለ። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ፕሮግራም ካልታዘዘ በቀር የአስርዮሽ ቁጥርን በ6 ጉልህ አሃዝ ብቻ ይጽፋል። 1,326,457.25 የነበረው የሰሜን ቁጥር 1.32646 ሲባዛ በሚሊዮን ሆኖ ይወጣል፣ ማለትም 1,326,460። በዚህ የተለወጠ የሐይቅ ዳርቻ በ10 ሜትር እርከን የተቆረጠ ደረጃ ነው። ባለ 64 ቢት ቁጥር በጽሑፍ ተጽፎ ሳይጎድል እንዲመለስ 17 ጉልህ አሃዝ ይፈልጋል፤ ባለ 32 ቢቱ 9። ለሁለቱም ችግር የሚረዳው መድኃኒት አንድ ነው፦ ሜሹ ከመሠራቱ በፊት ከሁሉም የምሥራቅ ቁጥር 300,000፣ ከሁሉም የሰሜን ቁጥር 1,300,000 መቀነስ። ቀሪዎቹ ቁጥሮች ከ65,000 በታች ስለሚሆኑ በ32 ቢት እንኳ ክፍተቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የተቀነሰውን ቁጥር ከሜሹ ጋር በጽሑፍ መያዝ ነው፤ ያለሱ ውጤቱን ካርታ ላይ መልሶ ማስቀመጥ አይቻልም። እግረ መንገድ ይህም ይታወቅ፦ እነዚህ ፎርማቶች ኮኦርዲኔቱ በአዲንዳን ይሁን በደብልዩጂኤስ 84 የካርታ መነሻ (ዳተም) የሚመዘግቡበት መደበኛ ቦታ የላቸውም። በሁለቱ መካከል አገራችን ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለና እሱም እዚያው የጽሑፍ ፋይል ላይ ይስፈር።

የድሮውን የቪቲኬ ፎርማት፣ ያንን ቪቲኬ የሚል ቅጥያ ያለውን፣ በባይነሪ ለሚጽፉ የሚመጣው ሌላው የባይቶች አቅጣጫ ነው። ፎርማቱ ትልቁ ባይት እንዲቀድም ይደነግጋል፤ የኢንቴል ኮምፒውተሮች ግን ትንሹን ያስቀድማሉ። ነምፓይ የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ድርድር እንዳለ ወደ ፋይል የገለበጠ ሰው 1.0 ብሎ የጻፈው ሲነበብ 4.6 ሲባዛ በ10 ኃይል ነጌቲቭ 41 ይሆናል። ፓራቪው ባዶ መስኮት ካሳየና የመረጃ መስኮቱ ላይ የኮኦርዲኔቱ ወሰን እንዲህ ያለ ጥቃቅን ወይም እጅግ ግዙፍ ቁጥር ከሆነ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይኸው ነው። ቪቲዩ የባይቱን አቅጣጫ በራሱ መግቢያ ላይ ስለሚናገር ከዚህ ያድናል። በእጅ ለሚጽፍ ግን ቪቲዩም የራሱ መሰናክል አለው፦ የየኤለመንቱ ኖዶች የት እንደሚያበቁ የሚያሳየው ዝርዝር ለመጀመሪያው ቴትራሄድሮን 4 ብሎ ይጀምራል፤ የድሮው የቪቲኬ ፎርማት አዲሱ 5.1 እትም ደግሞ ያንኑ ዝርዝር በ0 ይጀምርና አንድ ቁጥር ይጨምራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ ኮድ ሁሉንም ኤለመንት በአንድ ያዛንፋል።

ውጤቱ ለሶልቨር የሚሄድ ከሆነ ኤክስዲኤምኤፍ የሚባለው ፎርማት ብዙ ጊዜ ይመረጣል። እሱ ሁለት ፋይል ነው፦ ትንሹ መግለጫውን በጽሑፍ ይይዛል፣ ከባዱ መረጃ ኤችዲኤፍ5 በሚባል የባይነሪ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ትንሹም ከባዱን በስም ይጠራዋል። በቴሌግራም ሲላክ ትንሹ ብቻ ይደርስና «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባላል፤ ሁለቱም ደርሰው የአንዱ ስም ከተቀየረም ያው ነው። ፌኒክስ የሚባለው ሶልቨር የቀድሞ እትም በተጨማሪ በአንድ ፋይል አንድ ዓይነት ኤለመንት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ ቴትራሄድሮኖቹ በአንድ ፋይል፣ የወሰን ሦስት ማዕዘኖቹ ከነመለያቸው በሌላ ፋይል ተለይተው መውጣት አለባቸው። ጂሜሽ ያስቀመጣቸውና የትኛውም ኤለመንት የማይጠቀምባቸው ብቸኛ ኖዶች፣ ለምሳሌ የክብ ማዕከል፣ ካሉ ይወገዱ፤ ሶልቨሩ እነሱን እንደማይታወቁ ቁጥሮች ከቆጠራቸው ማትሪክሱ አይፈታም።

ስለ ውጤቶች አንድ ነገር ብቻ ልበል። በኤለመንት ላይ የተቀመጠ ውጤት በኖድ ብቻ ወደሚቀበል ፎርማት ሲሄድ ለዋጩ የጎረቤቶቹን አማካይ ይወስዳል። ጭቃና አሸዋ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የነበረው ስለታም ድንበር ይደበዝዛል፣ የትኛውም አፈር የሌለው መካከለኛ እሴት ይፈጠራል። ስዕሉ ለስለስ ስለሚል ብዙዎች ይወዱታል፤ እንዲህ ያለ ስዕል የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ግን በኤለመንት ላይ የነበረው መረጃ አብሮ ሊቀርብ ይገባል።

ልወጣው መሳካቱ የሚታወቀው ፋይሉ በመከፈቱ አይደለም። ከመነሻው ላይ የተመዘገቡት የኖድና የየዓይነቱ ኤለመንት ብዛት፣ የኮኦርዲኔቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን፣ ጠቅላላው ይዘት፣ የየግሩፑ ኤለመንት ብዛት ከመድረሻው ጋር ይመሳከሩ። ፓራቪው ውስጥ ብዛቱና ወሰኑ «ኢንፎርሜሽን» በሚለው መስኮት ይገኛሉ፤ ይዘቱን «ኢንተግሬት ቫሪያብልስ» የሚባለው ፊልተር ያሰላል። በ64 ቢት ከቆየ የሁለቱ ይዘት እስከ አስረኛው አሃዝ ድረስ ቢገጥም አያስገርምም፤ በሦስተኛው አሃዝ ላይ ከተለያየ አንድ ነገር ወድቋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚፈትን አንድ ዘዴ አለ፣ ብዙዎች ግን አይጠቀሙበትም። ከመለወጥ በፊት በእያንዳንዱ ኖድ ላይ የመጀመሪያውን ኮኦርዲኔት፣ የሁለተኛውን እጥፍና የሦስተኛውን ሦስት እጥፍ ደምሮ እንደ ውጤት ማስቀመጥ ነው። ከለወጡ በኋላ ያንኑ ድምር ከአዲሱ ኮኦርዲኔት እንደገና አስልቶ ከተሸጋገረው ውጤት ላይ መቀነስ። ልዩነቱ በሁሉም ኖድ ላይ ከዜሮ የማይርቅ ከሆነ ውጤቶቹ ከየነጥባቸው ጋር አብረው ሄደዋል። ብዛቱ፣ ወሰኑና ይዘቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ውጤቶቹ ብቻ ተራቸው የተቀላቀለበትን ፋይል የሚይዘው ይህ ፈተና ነው፤ ሁለት ኮኦርዲኔት ቦታ ከተለዋወጠም ያጋልጣል፤ የሦስቱ ማባዣዎች የተለያዩ የሆኑትም ለዚሁ ነው። ለኤለመንት ውጤት ደግሞ በኖዱ ፋንታ የኤለመንቱን መሐል ነጥብ መውሰድ ነው። መጀመሪያ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ኤለመንት ብቻ ባለው ትንሽ ፋይል ላይ ቢሞከር ስህተቱን በእጅ ተከታትሎ ማግኘት ይቻላል።

ኤስቲኤልን ማጥላላቴ አይደለም። ተማሪው የሐይቁን ቅርጽ በስሪዲ ማተሚያ አትሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚከላከልበት ዕለት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ቢፈልግ ያኔ ትክክለኛው ፎርማት እሱ ነው። ፓራቪው ውስጥ «ኤክስትራክት ሰርፌስ»፣ ቀጥሎ «ትራያንጉሌት» አድርጎ፣ በ«ትራንስፎርም» መጠኑን አስተካክሎ ያስቀምጠው። በ1 ለ200,000 ሲታተም ሐይቁ 42 በ33 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 15 ሜትሩ ጥልቀት ግን 0.075 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ንብርብር በሚያወጣ ማተሚያ ላይ ጨርሶ አይታይም። ጥልቀቱን 200 ጊዜ ማጋነን ያስፈልጋል። የማተሚያ ፕሮግራሞች ቁጥሩን ሚሊ ሜትር ነው ብለው ስለሚወስዱ ማባዣዎቹ ለርዝመትና ለወርድ 0.005፣ ለጥልቀት 1 ይሆናሉ፤ 15 ሜትሩ 15 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች ጥልቀት ያለው ዳርቻ አሁንም ከአንድ ንብርብር ስለሚያንስ አይታተምም። የማተሚያው ጠረጴዛ 22 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ ሐይቁን ለአራት ከፍሎ ማተም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስሌት ሞዴል ባለሙያ
ባሕር ዳር